ማሽን አፍ ስናስፈታ

በኮምቦልቻው ትምህርት ቤት ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በተሰጠችው ክፍል ውስጥ አምስት ኮምፒውተሮች ነበሩ። አምስቱም አሮጌ ናቸው፤ አምስቱም የሚናገሩት አርባ ደቂቃ ብቻ ነው። ስክሪን ሪደር የምንለው፣ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልን ፕሮግራም፣ ፈቃድ ያልወጣለት የሙከራ ስለነበር አርባ ደቂቃ ሲሞላው ዐረፍተ ነገሩን መሐል ላይ ጥሎ ዝም ይላል። እንደገና እንዲናገር ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነው። ተማሪዎቼ ለምደውት ነበር። አንዷ ጽሑፏን ሳትጨርስ ድምፁ ሲቋረጥባት «ሰውዬው ተኛ» ትላለች፤ ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እኔ ግን አልስቅም ነበር። ያለቀ ነገር እወዳለሁ። መሐል ላይ የተጣለ ዐረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ይውላል።

የማስተምረው ብሬል ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ከእናቴ ጋር እየኖርኩ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ይደፈናል፣ የፍሬን ሽታ ይመጣል፣ ለደሴ ብርድ ለብሼው የወጣሁት ሹራብ ይከብደኛል። ሹራቤን ሳወልቅ ያየ ረዳት ሁሉ፣ ወራጅ ካለ ይዘጋጅ ብሎ በእኔ ያሾፋል። ለእኔ የሁለቱ ከተማ ድንበር ያ ሹራብ የሚወልቅበት ቦታ ነው።

በዚያ ዓመት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ማሽኖቹ አርባ ደቂቃቸውንም ነፈጉን። ሲስተሙ ራሱ የፈቃድ ኮድ አምጡ ብሎ ተዘጋ። አንዱን ተሸክመን ደሴ ወደሚገኝ ጠጋኝ ወሰድነው፤ ፎርማት አደረገውና አሁን እንደ አዲስ ነው ብሎ መለሰልን። ክፍል ውስጥ ሰክተን ብናበራው ፋኑ ይዞራል፣ ሃርድ ዲስኩ ይንጫጫል፣ ሌላ ድምፅ የለም። ጠጋኙ ስክሪን ሪደሩን ከሌላው ዕቃ ጋር አጥፍቶት ነበር። በሱ ቤት ሥራው አልቋል፤ ገጹ ይበራል፣ ምስሉ ያምራል። እኛ ጋ የደረሰው ግን ዲዳ ሆኖ ነው። ደውዬ ስነግረው ከልቡ አዘነ፤ ድምፅ የሚያወራ ነገር መኖሩን ልብ አላልኩም አለኝ። አላስቀየመኝም። ግን ስልኩን ስዘጋ አንድ ነገር ቁርጥ አደረግሁ፤ ከእንግዲህ እኛ የምንሠራበትን ማሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጆሮው የሚያዳምጥ ሰው ነው የሚጭነው።

ችግሩ ዳይሬክተሯም ቁርጥ ያደረጉት ነገር ነበራቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። አዳዲሶቹ የመማሪያ መጻሕፍት መጥተው ኮሪደር ላይ ተቆልለዋል፤ የኮሪደሩ ቆርቆሮ ያፈሳል፤ ዝናቡ ሊጀምር ነው። አምስት የማይሠሩ ማሽኖች የያዟትን ደረቅ ክፍል ሲያዩ ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? ሰኞ ጠርተውኝ ክፍሏ የመጻሕፍት ማስቀመጫ እንድትሆን፣ ማሽኖቹም ለፋይናንስ ክፍል እንዲሰጡ እንዳሰቡ ነገሩኝ። ፋይናንስ ክፍሉ ምን አድርጎ በደላችሁ አልኳቸው። ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ድምፃቸው የዳይሬክተር ድምፅ ሆነ።

«መምህርት፣ እስከ ሐሙስ እጠብቅሻለሁ» አሉኝ። «የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አንዷ ተማሪሽ፣ ማንም እጁን ሳያስገባላት፣ ስሟን በአማርኛ ጽፋ ልይ። ያን ጊዜ መጻሕፍቱን የትም ወስጄ እከታቸዋለሁ።»

ክፍሏ ብትሄድ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተማሪዎቹ ወደ ድሮው ይመለሳሉ፤ የሚያነብላቸው ሰው እስኪገኝ ደጅ መጥናት፣ የሚያስቡትን ለሌላ ሰው ጆሮ እያወረዱ ማስጻፍ፣ ያ ሰው የጻፈው የእነሱን ይሁን የራሱን ሳያውቁ ፈርመው መነሳት። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ እኩዮቼ አግብተው ወልደው ነበር። አባቴ፣ አላህ ይዘንለት፣ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ አያቶቹ ከየመን የመጡ። የዓይኔ ነገር አሳዝኖት በፍቅር ብዛት ቤት አስቀምጦኝ ቆየ። በመጨረሻ ትምህርት ቤት ስገባ መጽሐፍ የተነበበልኝ ሰው በተመቸው ሰዓት፣ ሰው በመረጠው ገጽ ነው። ለተማሪዎቼ ያንን አልመኝም።

ያለኝ ተስፋ አዲስ አበባ የሚኖር፣ እንደኔው ዓይነ ስውር የሆነ ጓደኛዬ ነበር። ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የፈቃድ ቁጥር የማይጠይቅ፣ ሊኑክስ የሚሉት ሲስተም እንዳለ፣ እሱን የሚጭነው ፕሮግራም ደግሞ ከመጀመሪያዋ ጥያቄ ጀምሮ እየተናገረ እንደሚሄድ የነገረኝ እሱ ነው። ሲስተሙን በፍላሽ ልኮልኝ ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ከገባ ሰንብቷል፤ ፈርቼ ሳልነካው። ሰኞ ከዳይሬክተሯ ቢሮ እንደወጣሁ ደወልኩለት። ጥያቄዎቹ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚመጡ፣ ለየትኛው ምን እንደሚመለስ፣ የት ጋ እንደሚታገሡ፣ በድምፅ መልእክት እየቆራረጠ ላከልኝ።

እኔ ደግሞ በቃል የመያዝ ችግር የለብኝም። በልጅነቴ ቁርኣን የቀራሁት በጆሮዬ ነው። ሌሎቹ ልጆች ለውሃቸውን፣ የእንጨት ሰሌዳቸውን፣ ይዘው ፊደሉን ሲከተሉ እኔ ከሸሁ ጉልበት አጠገብ ተቀምጬ የተሰጠኝን እስኪይዝልኝ እደጋግማለሁ፤ የትናንቱን በቃሌ ሳልወጣ አዲስ አይሰጠኝም። የጓደኛዬንም ትምህርት የያዝኩት በዚያው መንገድ ነው። ማታ እራት እየቀረበ ሳነበንብ እናቴ ሰማችኝ።

«ምን እየቀራሽ ነው?»

«የኮምፒውተር ነው፣ እማዬ።»

«ኮምፒውተርም ይቀራል?»

ይቀራል አልኳት። ታዳምጠኝ ጀመር። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ግን ሦስተኛ ጊዜ ስደግመው፣ ከአገር ምርጫው በኋላ ያለችውን «ኢንተር» ዘለልሽ ብላ አረመችኝ። እውነቷን ነበር። ከዚያ በኋላ የተቀመጠችው እኔን እያስወጣች ነው፤ አንድ ቃል ሳስት ምላሷን ቀጭ ታደርጋለች፣ እኔ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ሸሁም እንደዚህ አልጨከኑብኝም።

ማክሰኞ የመጀመሪያው እንቅፋት መጣ። ማሽኑ ውስጥ እንደ ሰዓት ባትሪ ያለች ድንቡሽ ያለች ባትሪ አለች፤ እሷ ስታልቅ ማሽኑ ቀኑን ይረሳል፣ ባበሩት ቁጥርም ቀን ሙሉልኝ ብሎ ይቆማል። የሁሉም አልቃለች። ደሴ ካለ ሰዓት ጠጋኝ አንድ አምጥቼ በጣቴ ቀየርኳት። ቀኑን ለመሙላትና ማሽኑ ከፍላሹ እንዲነሳ ለማዘዝ ግን ሲስተሙ ከመምጣቱ በፊት የምትከፈት አንዲት ገጽ አለች። ያቺ ገጽ አትናገርም። የትኛውም ስክሪን ሪደር እዚያ አይደርስም፤ ጓደኛዬ እንኳ ለእሷ ብቻ ጎረቤቱን ይጠራል። ማንም ዐይናማ እጁን አያስገባም ብዬ የወሰንኩት ሰው፣ ዓይን ልዋስ ወደ ግቢው በር ሄድኩ።

የግቢው ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ አባ እንላቸዋለን። ቁጥር ያውቃሉ፣ አማርኛም ዐረብኛም ያነባሉ። እንግሊዝኛ ግን አልደረስኩም አሉኝ። እንግሊዝኛው ኸኔ ዘንድ አለ፣ ዓይኑን ብቻ ያዋጡ አልኳቸው፤ ያነጋገሬ ለዛ የራሳቸው ስለሆነ ሳቁ። «ዓይንማ ምን ገዶኝ፤ መነጽሬን ላምጣ» ብለው መጡ።

ገጿን ስንከፍት በመሐሉ ሁለት ነጥብ ያለበት ቁጥር ይፈልጉልኝ አልኳቸው።

«ይኸው፣ ላይ ነው። አንዱ ቁጥር እየሮጠ ነው።»

ሰከንዱ ነው። ከሱ አጠገብ ቀኑ አለ። ጓደኛዬ አጥብቆ ያስጠነቀቀኝ ነገር ነበር፤ እዚህ ገጽ ላይ የሚቀድመው ቀኑ ሳይሆን ወሩ ነው። ስለዚህ ወሩን አስቀድመው፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያ ዓመቱን ይሙሉ አልኳቸው፤ ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው። በአንድ ጣት፣ ቁልፉን እየፈለጉ ሞሉት። ሰዓቱንስ ሲሉኝ ባሰሩት ሰዓት ይሙሉት አልኩ። እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ሰማሁ። ከዚያ በሦስት ፊደል የተጻፈ፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ስኒ የምትመስል ቃል ፈልገን ወደ ላይ አወጣናት፤ ፍላሹ እሷ ናት። አባ፣ ስኒዋ ጆሮ የላትም እንጂ ሌላው ልክ ነው አሉ። ወርና ቀኑን ስላላምታታሁ በልቤ ኮርቼ ወደ ደሴ ወጣሁ።

ረቡዕ ጠዋት አንዷን ተማሪ ይዤ ገባሁ። ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ ደጋን ከሚባለው አገር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ እንደኔው ዘግይታ ነው የተማረችው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። አፏ አያርፍም፣ ጭንቅላቷም አያርፍም። ዳይሬክተሯ ፊት ስሟን የምትጽፈው እሷ እንድትሆን ስጠይቃት፣ ቲቸር ካልተሳካስ አላለችኝም፤ የአባቴን ስምም ልጨምር ወይ ነው ያለችኝ።

ማሽኑን አበራነው። ፋኑ ተነሳ። ጠበቅን። ጓደኛዬ እንዳለው አንዲት አጭር ጢጥ ትሰማለች፤ ያን ጊዜ አንድ ፊደል ተጭኖ ኢንተር ነው። ጢጥ አለ። ተጫንኩ። ዝም። ዲስኩ ተንጫጨ፣ ደግሞ ዝም። ድንገት አንድ ወፍራም፣ በአፍንጫው የሚናገር ድምፅ ቋንቋ ምረጡ አለ።

«ጉንፋን ይዞታል» አለች ተማሪዬ በሹክሹክታ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መውጣት ነው፤ የቀራሁትን በቃሌ መድገም። ጉንፋናሙ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። ቋንቋ፣ አገር፣ ኪቦርድ። የሚቀጥለውን ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት አውቀዋለሁ፤ ሲመጣ ደግሞ ልክ እኔ እንደጠበቅሁት ሆኖ ይመጣል። ይህን ደስታ እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ገጽ ማለት ሌላ ሰው አይቶ የሚነግረኝ ነገር ነበር። ዛሬ ገጹ የሚነግረው ለእኔ ነው፤ በመሐል ማንም የለም። ለማሽኑ ስም አውጡለት ሲለን ተማሪዬ «ሐረጎ» እንበለው አለች፤ ሲነሳ እንደ ዳገቱ መኪና ስለሚያቃስት። አወጣንለት።

ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ሲጠይቅ ግን እጄ ቆመ። ማሽኑ ላይ ምንም የሚያሳሳ ነገር የለም፤ ቢሆንም ጥያቄውን ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። ተማሪዬ ሰለቻት። ቲቸር፣ ለሽምግልና የተላከ ሰው እንኳ ይህን ያህል አይጠየቅም ብላ እጇን በእጄ ላይ ጫነችው። አዎ አልን።

መጫን ሲጀምር በመቶኛ እየቆጠረ ይሄዳል። የዙህር አዛን ከመስጊዱ ሲሰማ ጉንፋናሙ ገና ሠላሳውን እየቆጠረ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርገን፣ እዚያው ክፍሏ ጥግ ምንጣፍ አንጥፈን ሰገድን። በሶላት መሐል ጆሮዬን ወደዚያ ላለመስጠት የታገልኩት ትግል የእኔና የአላህ ነው። ሰላምታውን እንደሰጠን ተማሪዬ «ሰባ ሁለት ገብቷል» አለችኝ። እሷም እንደኔው ኖሯል።

ከሰዓት ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ተነሳ። ፍላሹን ነቀልን። ጠበቅን። ከዚያ ያው ጉንፋናም ድምፅ፣ አሁን ግን ከራሱ ከማሽኑ ሆድ፣ የተጠቃሚ ስም አለ። ተማሪዬ እጅጌዬን ያዘች። ገባን፤ ፋይል ከፈትን፣ ዘጋን፤ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ይናገራል። ሁለታችንም ሳንነጋገር አንድ ነገር እየጠበቅን እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። የቀድሞው ሰውዬ የሚተኛበት ሰዓት ደርሶ እስኪያልፍ ተቀምጠን ነበር። አለፈ። ጉንፋናሙ አሁንም ያወራል።

«ይኸኛው እንቅልፍ የለውም» አለች። «ወላሂ፣ የአክስቴ ባል ነው።»

የቀረን አማርኛው ነው። አማርኛ የሚጻፍበትን ኪቦርድና አማርኛ የሚያነበውን ድምፅ ከኔትወርክ ማውረድ ነበረብን። ትዕዛዙን ጻፍኩ። ማሽኑ አልቀበልም አለ። ፋይሎቹ ገና አልጸኑም፤ እስኪጸኑ ይህን ያህል ቀን ይቀራቸዋል ብሎ አንድ ረጅም ቁጥር አነበበ። ደግሜ ጻፍኩ፤ አንዲት ፊደል ስቼ እንዳይሆን ፊደል በፊደል አስነበብኩት። ልክ ነው። ማሽኑ ግን ያንኑ መለሰ። የግቢው ኔትወርክ ነው ብዬ በስልኬ አገናኘሁት፤ ያው። ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ጸንቶ ያልጨረሰ ፋይል ምን ማለት ነው? ነገ ሐሙስ ነው። ዳይሬክተሯ በአማርኛ ነው ያሉት፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስም ይዤ አልቀርብም፣ ብቀርብም ክርክር ይሆናል፤ ክርክር ደግሞ መጻሕፍቱን ከዝናብ አያወጣም። ወንበሬ ላይ ተደገፍኩ። ውጭ ደመናው ሲያጉረመርም ይሰማል።

«ቁጥሩን ድገሚልኝ፣ ቲቸር» አለችኝ ተማሪዬ።

ማሽኑን አስደገምኩላት። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ገደማ ቀን ነው። እሷ ሂሳብ የምትሠራው በከንፈሯ ነው፤ ጠዋት ገበያ የሚወርደውን እህል ከአባቷ ጋር ስትቆጥር የለመደችው። ሲንሾካሾክ ቆየና ቆመ።

«ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይመጣል» አለች። ከዚያ በሌላ ድምፅ፦ «ትናንት ቀኑን የሞሉት አባ ናቸው አይደል?»

«አዎ።»

«በማን አቆጣጠር?»

ሰባት ዓመት ከስምንት ወር። የልደት ዘመኑን ለፈረንጅ ወረቀት የቀየረ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ልዩነት። እኔ ወሩን ከቀኑ ላላምታታ ስጠነቀቅ፣ ሁለታችንም፣ እኔም አባም፣ የምንኖርበትን ቀን ሞላን። ሌላ ቀን እንዳለ እንኳ ትዝ አላለንም። ማሽኑ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቆሞ፣ ዛሬ የተሠራ ፋይል ሲመጣለት ይሄ ገና አልተወለደም እያለ ነው የሚመልሰው። ሰዓቱም በአባ ሰዓት ተሞልቷል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ሰው ገና ከእንቅልፉ ባልተነሳበት ሰዓት። ሳቅ ሲመጣብኝ ታወቀኝ፤ ልይዘው አልቻልኩም። ድምፅ አውጥቼ የምስቅ ሰው አይደለሁም፤ ተማሪዬ ቀድማ ደነገጠች፣ ከዚያ እሷም ተከተለችኝ። ደግነቱ ጳጉሜን አይደለም አለች፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ብንለው ኖሮ ማሽኑ ያብድ ነበር።

ሳቃችን በር ድረስ ተሰምቶ አባ መጡ። ምን ሆናችሁ አሉ። ተማሪዬ አስረዳቻቸው።

«ቀኑን ልክ ነው የሞላሁት» አሉ። «ማሽኑ ነው ፈረንጅ።»

ልክ ነዎት አልናቸው።

«ደሞስ ምን አጠፋሁ፤ አሮጌ ነው እያላችሁ ስታሙት ወጣት አደረግሁላችሁ።»

እንዲህ ዓይነቱን ስሕተት ሲስተሙ ራሱ ከኔትወርኩ ሰዓት ጠይቆ ያርመዋል ይላሉ፤ የእኛው ለምን እንዳላደረገው ዛሬም አልተረዳሁም። ማረሚያው ግን አንዲት መስመር ትዕዛዝ ናት፤ ዲዳዋ ገጽ ድረስ መመለስ አያስፈልግም። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀየርን፤ ተማሪዬ በከንፈሯ፣ እኔ በጣቴ፣ አባ ደግሞ ኪሳቸው ካለው፣ የፈረንጁንም ቀን ከሚያሳይ የጾም መቁጠሪያ ካላንደር፤ ሦስታችንም አንድ ቀን ላይ ገጠምን። ሰዓቱ ላይ ስድስት ጨመርን። ጻፍኩት። ከዚያ ያንን እምቢ የተባለውን ትዕዛዝ መልሼ ጻፍኩ።

ማሽኑ ትንሽ አሰበ። ከዚያ የፋይሎቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራ ያወርድ ጀመር። ስም በጠራ ቁጥር አባ አልሐምዱሊላህ ይላሉ። ምን እንደሚወርድ አያውቁም፤ መውረዱ በቃቸው።

ሐሙስ ዳይሬክተሯ ሲመጡ ዝናቡ ጀምሯል። ጫማቸው እየረጠበ ስለመጣ አረማመዳቸው ጭቅ ጭቅ ይላል። በሩን ዘግተው ቆሙ። ተማሪዬ ወንበሯ ላይ ተስተካከለች። እኔ ከጠረጴዛው ራቅ ብዬ፣ እጆቼን ኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ፤ ማንም እጁን ሳያስገባ ማለት ማንም ነው።

ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። በነካችው ቁጥር ማሽኑ ፊደሉን ይጠራል። ስሟን ጻፈች፤ እንዳለችው የአባቷን ጨመረች፤ የአያቷንም። ከዚያ እንዲያነበው አዘዘችው። አነበበው። አማርኛን ሩቅ አገር፣ ከመጽሐፍ ብቻ እንደተማረ ሰው ነው የሚያነበው፤ የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል። ቢሆንም አማርኛ ነው፤ ስሟም ስሟ ነው። ዳይሬክተሯ ወደ ማሽኑ ሲጠጉ ሰማኋቸው፤ ጎንበስ ብለው ገጹን ያዩ መሰለኝ።

«ሌላ ነገር ጻፊ» አሉ። «ስምሽን ለምደሽው ይሆናል።»

ተማሪዬ ለአፍታ አላሰበችም። ኪቦርዱ ተንኳኳ፣ ተንኳኳ፣ ቆመ። ማሽኑ በዚያ በተጣመመ አማርኛው፣ ጮክ ብሎ፣ «ዳይሬክተራችን ቃላቸውን ይጠብቃሉ» አለ።

በሩ ላይ ቆመው የነበሩት አባ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ዳይሬክተሯ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ከዚያ ሳቁ፤ ሰኞ ከሳቁት ሳቅ የረዘመ። ይህችን ልጅ ማን እንዳሳደጋት ጠየቁ። ደጋን አሳደገኝ አለቻቸው። ሲነሱ አባን፣ የኮሪደሩን መጻሕፍት ዛሬውኑ ወደ ቢሮዬ አስገቡልኝ አሏቸው። ቢሮዎ ይሞላል እኮ ቢሏቸው፣ ይሙላ፣ ባለጉዳይ ይቀንስልኛል አሉ። ለእኔ ያሉኝ አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ሌሎቹንም አራቱን ታናግሪያቸዋለሽ ወይ። ኢንሻአላህ አልኩ።

ሁለተኛውን የጫነችው ተማሪዬ ናት። እኔ እናቴ ለእኔ እንዳደረገችው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ስትዘል ምላሴን ቀጭ አደረግሁ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ሌሎች ተማሪዎች ጫኗቸው። ደሴ ስመለስ ለእናቴ እያንዳንዱን ስነግራት፣ ኢንተሯን ዘለሉ ወይ ነበር ጥያቄዋ። የመጨረሻውን ማሽን ያስነሳነው ዝናቡ ጠንቶ ሐረጎ በጉም በተዘጋበት ሳምንት ነው፤ ሚኒባሱ እየተንፏቀቀ ስለሚሄድ በጊዜ መሳፈር አለብኝ እያልኩ ነበር። ነገር ግን አምስቱም ሲናገሩ ተማሪዎቹ ተራው የኔ ነው በሚል ይጣሉ ጀመር። አሥር ናቸው፤ ማሽኖቹ አምስት። አንዱ የታሪክ ምዕራፍ እያስነበበ ነው፣ አንዷ ለወንድሟ ደብዳቤ እየጻፈች ነው፣ አንዱ ሂሳብ አለብኝ ይላል፣ የደጋኗ ልጅ እኔ የጫንኩትን ማን ይነካዋል ትላለች። ሄድፎን ገና አልመጣም፤ አምስቱም ጉንፋናሞች በአንድ አፍ ያወራሉ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በተጣመመ አማርኛ፣ ሌላው ፊደል እየቆጠረ።

ጫጫታ የማልችል ሰው ነኝ፤ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ እንኳ ከፍ ሲል ተነስቼ የምዘጋ። ሹራቤን ክንዴ ላይ ጥዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ዝም በሉ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የታሪኩ ምዕራፍ የት እንደደረሰ ለመስማት ጆሮዬን ወደዚያ አዘነበልኩ፤ ዐረፍተ ነገሩ ረጅም ነበር፣ እስከ አራት ነጥቡ ሄደ፣ ሌላው ጀመረ። ሚኒባሱ አመለጠኝ።